አምስተኛው ቀርከሃ

አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ለጥፋቴ ተነስቶ አጨበጨበልኝ። እኔም እጅ ነስቼ ተቀበልኩ።

ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ማብራሪያ ነው፤ ማብራሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጥፋተኛ ሥራ ነው። ንጹሕ ሰው ሲያብራራ አይቼ አላውቅም። «አላደረግኩም» ብሎ ይሄዳል። ያደረገ ሰው ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «ነገሩ እንዲህ ነው» ይላል። እንግዲህ እኔም ተቀምጫለሁ። ሐፍረት እንደ ጂንካ ጭቃ ነው። እርጥብ ሳለ ልጥረግህ ስትሉት ይለጠጣል፤ ደርቆ ስታራግፉት ይወድቃል፣ ቀይ ቀለሙ ግን ጫማው ላይ ይቀራል። የእኔ ከደረቀ ቆይቷል።

ሥራዬ ሙዚቃ መድረስ ነው። ይህን ስል አብዛኛው ሰው ዘፋኝ ያደርገኛል። አንድ ጊዜ ጂንካ ቀበሌ መታወቂያ ላሳድስ ገብቼ ቅጹን የምትሞላው ልጅ ጠየቀችኝ።

«ሥራ?»

«የሙዚቃ ደራሲ።»

«ትዘፍናለህ?»

«አልዘፍንም።»

«እሺ፣ ምን ትጫወታለህ?»

«እኔ አልጫወትም። እጽፋለሁ፤ ሌሎች ይጫወቱታል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እነሱ ሲጫወቱ አንተ ምን ትሠራለህ?»

«ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»

«የግል ሥራ» ብላ ጻፈች።

ያን ቀን ሳቅኩ። ኋላ ሳስበው ግን ልጅቷ በጥቂት ጥያቄ የሕይወት ታሪኬን ጨርሳው ኖሯል። ሌሎች ሲጫወቱ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ስለ ልጅነቴ ማውራት አልወድም። የግድ ስለሆነ ግን ባጭሩ እነግራችኋለሁ። የተወለድኩት ከጂንካ በላይ ካለችው ከገዘር ከተማ ከፍ ብሎ፣ ደመናው ወርዶ ከእንሰቱ ቅጠል ጋር በሚተሻሽበት መንደር ነው። ቱሪስት አያውቀንም። በላንድክሩዘር የሚመጡት ፈረንጆች ጂንካ አድረው ወደ ዲመካ ገበያ፣ ወይም ወደ ታች ወደ ኦሞ ዳር ወደ ዱስ ይወርዳሉ እንጂ ወደ እኛ አይወጡም። እኛ ሱሪ እንለብሳለን። ሱሪ የለበሰ ሰው ለማየት ማንም ውቅያኖስ አያቋርጥም።

ቀርከሃ ግን ነበረን። ዋሽንት እንዳይመስላችሁ። ዋሽንት ቀዳዳ አለው፤ አንድ ሰው ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ሆዱን ሊያባባበት ይችላል። የእኛ ቀርከሃ ቀዳዳ የለውም። ታችኛው ጫፉ በራሱ አንጓ የተደፈነ ነው፣ የሚሰጠውም አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሰባት ሰው ሰባት ቀርከሃ ይዞ ክብ ሠርቶ ይቆማል። ረጅሙ ይጀምራል፣ ሁለተኛው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይነጥቃል፤ እንዲህ እየተቀባበለ እስከ ሰባት ደርሶ እንደገና ይዞራል። ዜማው የማንም አይደለም። ከሰባቱ አንዱን ለብቻው ጠርታችሁ «እስቲ ዘፈኑን አሰማኝ» ብትሉት የሚያሰማችሁ አንዲት «ፉ» ናት። ሠርግ ላይ ይነፋል፣ ቤት ሲከደን ይነፋል፣ ሰው ሲሞት ይነፋል። ዜማው አንድ ነው፤ የሚለየው ፍጥነቱ ነው።

ሕጉም አጭር ነው። ቀርከሃው የሰውዬው ነው። ሲሞት ወደ ልጁ ይተላለፋል። በሕይወት እስካለ ግን ማንም አይነፋለትም፤ ቢታመም፣ ቢርቅ፣ ቢኮርፍ ቦታው ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል። በሕይወት ያለን ሰው ቀርከሃ መንፋት በቁሙ መቅበር ነው ይላሉ። ሰውዬው ልልቀቅ ካለ አንድ መንገድ አለው፤ ቦታው ላይ ቆሞ ለመጨረሻ ጊዜ አንዴ ይነፋና ለሚተካው በገዛ እጁ ይሰጣል። ሌላ መንገድ የለም። ይህን ሕግ ያዙልኝ። እኔ ስላልያዝኩት ነው ወንበር ስቤ የተቀመጥኩት።

አምስተኛው ቀርከሃ የአባቴ ነበር፤ ከሰባቱ አጭሩ እሱ ነው። አባቴ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞ ተመለሰ፤ ብዙ አልቆየም። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ባለ አንደኛው ቀርከሃ ጋሽ ጋርሾ መጥቶ የአባቴን ቀርከሃ እጄ ላይ አኖረው። ጋሽ ጋርሾ ረጅም፣ አንድ ጆሮው የተሸረፈ፣ ሳል እንኳ ሲመጣበት ተራውን ጠብቆ የሚስል የሚመስል ሰው ነበር። «አራት ዝም በል፣ አንድ ንፋ፣ ሁለት ዝም በል» አለኝ። ትምህርቱ ይህ ነበር። አልገባኝም።

ያስገባችኝ ታላቅ እህቴ ታደለች ናት። አባቴ ሲነፋ እሷ ጓሮ እንሰት ትፍቅ ነበር፤ ከዘመን ብዛት ፍቂያዋ ከቀርከሃው ጋር ተስማምቶ አራቱን በቀላሉ አልፋ አምስተኛው ላይ ትጫናለች። እንሰቱም አምስተኛውን ያውቀዋል ማለት ነው። እኔ ክቡ ውስጥ ስቆም እሷ ከኋላዬ ትቆምና ተራዬ ሲደርስ ትከሻዬን በጣቷ ጫን ታደርጋለች። ያኔ እነፋለሁ። ሴት አትነፋም ነበር፤ ስለዚህ የምታውቀው ከኋላ ቆማ፣ የማያውቀው ከፊት ሆኖ ይነፋ ነበር። ይህ አሠራር በብዙ መሥሪያ ቤትም አለ።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ለትምህርት ወደ ጂንካ ወረድኩ። የምተኛው አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው፤ በለውጡ ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያ እሸከማለሁ። ከከተማው መሀል ባለው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ላሞች ይግጣሉ፤ በሳምንት አንዴ አውሮፕላን ሲመጣ ያባርሯቸዋል። እኔ ያኔ በላሞቹ እቀና ነበር። ቢያንስ የሚግጡት አላቸው። በቀን አንዴ ቦዬ የሚባለውን ሥር ቀቅዬ ከበላሁ ያ ቀን ደህና ቀን ነው። ከዚህ በላይ ስለ ረሃብ አልናገርም፤ የተራበ ያውቀዋል፣ ያልተራበ ያዝናል፣ ማዘኑ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

በከተማው ውስጥ አንድ ኪቦርድ ነበር። ያለውም ቤተ ክርስቲያን ነው። የመዘምራኑ መሪ ወንድም ዳና ከወላይታ መጥቶ የሰፈረ ልብስ ሰፊ ነው፤ በሳምንቱ ቀን በእግሩ የሲንጀሩን መርገጫ፣ እሑድ በጣቱ ኪቦርዱን ይነዳል። ለመዘምራን ያስተምራል። ደግሞም እሑድ ከአምልኮ በኋላ መዘምራኑ ሁሉ ቤቱ ሄደው ባለቤቱ የቀቀለችውን ቦሎቄ ይበላሉ። ኪቦርዱን ወድጄ ነበር። ቦሎቄውን ግን ከኪቦርዱ ቀድሜ ነው የወደድኩት። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

መዘምራን የሚገባ ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ ይመሰክራል። ተራዬ ሲደርስ ቆምኩ። ድሮ ምን እንደነበርኩ መናገር ነበረብኝ፤ በአሥራ አምስት ዓመቴ ምን ነበርኩ? አልሰከርኩ፣ አልሰረቅኩ፣ ለመስረቅም የሚሰረቅ ነገር አጠገቤ አልነበረም። ከፊቴ የተቀመጠው ሕዝብ አንድ ትልቅ ነገር እየጠበቀ መሰለኝ። «ሰይጣን ቀርከሃ ያስነፋኝ ነበር» አልኩ። «ዛሬ ጥዬዋለሁ!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

ያን እንድል ማንም አልጠየቀኝም። የመንደራችን ሽማግሌዎች ራሳቸው እሑድ ይዘምሩ፣ ማክሰኞ ይነፉ ነበር፤ እግዚአብሔርም በሁለቱም ቀን ያውቃቸዋል። ሰይጣኑን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ወንድም ዳና እንኳ ኋላ ቦሎቄውን እየጨለፈልኝ «ጴጥሮስ፣ ሰይጣን ብዙ ሥራ አለበት፤ ለቀርከሃ ጊዜ የሚተርፈው አይመስለኝም» ብሎኛል።

ግን እዚያው እንደ ቆምኩ ቀና ስል ጋሽ ጋርሾን መጨረሻው አግዳሚ ላይ አየሁት። ቅዳሜ ለገበያ ወርዶ አድሮ ኖሯል። ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ጠበቀኝ። በጨርቅ የተቋጠረ የገብስ ቆሎ እጄ ላይ አኖረ።

«ታደለች ናት» አለ። ቀጥሎም «ቀርከሃህን ጣሪያዬ ላይ ሰክቼዋለሁ። ጭስ ስለሚያገኘው አይነቅዝም» አለ። ሄደ።

የስሜ ባለቤት ጌታውን ሦስት ጊዜ ክዶ ዶሮ ሲጮህ ምርር ብሎ አልቅሷል። ጂንካ ውስጥ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። እኔ ግን ቦሎቄዬን በላሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ለመናገር ቀላል ነው፤ የሚያኮራው ክፍል ሁልጊዜ ለመናገር ቀላል ነው። ወንድም ዳና የሚያውቀውን ሁሉ አስተማረኝ። የማያውቀውን እንድማር ደግሞ አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እንድፈተን ልብሴን ሰፍቶ፣ ጸሎት ጸልዮ ላከኝ። ኖታ ማንበብ ቻልኩ፣ መጻፍ ቻልኩ። ለቫዮሊንና ለቼሎ መጻፍ ጀመርኩ። የጻፍኩት ሁሉ ግን አንድ የሞተ ፈረንጅ ከእኔ ቀድሞ የጻፈው ይመስል ነበር። መምህራችን አንድ ቀን ወረቀቴን ከፒያኖው ላይ አንስቶ «አንተ የት ነው ያደግከው?» አለኝ። ነገርኩት። «ታዲያ እዚህ ወረቀት ላይ የታለ?» አለ። ቴፕ ተውሼ ወደ መንደሬ ሄድኩ። ከመንደር ከወጣሁ ስምንት ዓመቴ ነበር።

የደረስኩት የጋሽ ጋርሾ ወንድም ቤት በሚከደንበት ቀን ነው። ቀርከሃዎቹ ወጥተዋል። ሰዎቹ ቆመዋል። ከክቡ ላይ አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ ነበር፤ ለማይክራፎኔ የተመቸ ሆኖ አገኘሁትና ሄጄ እዚያ ቆምኩ። ጋሽ ጋርሾ ፊቱ በራ። ባለ አራተኛው ፈቀቅ ብሎ አሰፋልኝ። ታደለች ከእንሰቱ መሀል ወጥታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከኋላዬ መጣች። አቀባበሉ ደስ አለኝ። ማይክራፎኔን ዘረጋሁና «ጀምሩ» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ነፉ። እኔ የድምፁን መጠን የሚያሳየውን የቴፑን መርፌ ስመለከት ነበር። ሰዎቹን አልቆጠርኩም። አራት ዓመት የተማረ የሙዚቃ ተማሪ እስከ ሰባት መቁጠር ያቅተዋል? ያቅተዋል። ሲያልቅ ጋሽ ጋርሾ «አረፍ በል፣ ቆጮ አለ» አለኝ። የመጨረሻው ሚኒባስ ከገዘር ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ወረድኩ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ካሴቱን ስሰማ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ዜማው ይዞራል፣ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ሊደርስ ሲል ይጠፋል። የአንድ ትንፋሽ ያህል ባዶ ነው። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። በየዙሩ እዚያው ቦታ ላይ ባዶ። ለመምህሬ አሰማሁት፤ እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ከፍ ያለውን ቦታ ባዶ የሚተው ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?» አለ። እኔም ራሴን ጠየቅኩ፣ መልሱንም ራሴው ፈጠርኩ። ለሁለት ቫዮሊን፣ ለአንድ ቪዮላና ለአንድ ቼሎ ጻፍኩት። በየዙሩ ባዶውን ቦታ እንዳለ ተውኩት። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «የመንደሬ አባቶች የዜማውን እምብርት ለማይታየው እንግዳ ክፍት ይተዉታል» ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩን እስከ ዛሬ በቃሌ እችለዋለሁ፤ ብረሳው ደስ ባለኝ።

በዚያ ዝምታ ሰው ሆንኩ። ሥራዬ ባሕር ማዶ ተሰማ። ጥሪ መጣ፣ ሌላ ሥራ ታዘዝኩ፣ በእሱም ውስጥ ዝምታ አስገባሁ፤ ካላስገባሁ ቅር ይላቸዋል። ሌላው ደራሲ በጻፈው ይታወቃል፤ እኔ ባልጻፍኩት ታወቅኩ።

ዓመታት አለፉ። ለታደለች አልፎ አልፎ እደውላለሁ፤ መንደር ግን አልሄድኩም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ሥራዬ እንደገና ሊቀርብ ሲል ከወደ እኛ የመጣ አንድ የባህል ባለሙያ ሐሳብ አመጣ። «አባቶችን ኢንቫይት እናድርጋቸው፤ ለፕሮግራሙ ትልቅ ኢምፓክት አለው» አለ። ይምጡ አልኩ። ሦስት ሰው መጣ፤ ጋሽ ጋርሾ፣ ባለ ሁለተኛውና ባለ ስድስተኛው። የተቀሩት ሞተዋል፣ ቀርከሃቸውም ለልጆቻቸው ተላልፏል ተባለ። ልጆቹስ? አንዱ ጂንካ ሞተር ብስክሌት ይነዳል፣ አንዱ ሸንኮራ እርሻ ላይ ነው፣ አንዱ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ግን በሕይወት አለ።

ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ጋርሾ በተውሶ ኮት ላይ ጋቢ ደርቦ ከጎኔ ነው። ቼሎው የመጀመሪያውን ድምፅ ሲያወጣ ጉልበቴን ያዘኝ። «የኔ ናት!» አለ በቋንቋችን በአሪኛ። ፊቱን ብታዩት። ዜማው ወጣ፣ ወጣ፣ ባዶው ቦታ ደረሰ።

ጋሽ ጋርሾ ዞሮ አየኝ።

ሁለተኛው ዙር ላይ በክርኑ ጎሸመኝ። ሦስተኛው ላይ እጁን ጋቢው ውስጥ ከቶ ጭስ ያጠቆረው አንድ ቀርከሃ አወጣና ጭኔ ላይ አኖረው። አወቅኩት። አፉ ላይ የአባቴ ጥርስ የነከሳት ጠባሳ አለች።

«ተራህ ነው» አለ።

«ጋሼ፣ ቆይ…»

አራተኛው ዙር መጣ። «ንፋ እንጂ!» አለ፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ከኋላችን አንዲት ሴት «እሽሽ!» አለች። ዝም እንዲልልኝ ብዬ ቀርከሃውን ወደ ከንፈሬ ወሰድኩ። እሱ ከትከሻዬ ላይ ጣቱን አሳረፈ፣ ልክ እንደ ታደለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጫን አደረገኝ።

አልነፋሁም።

ትንፋሼ ደረቴ ውስጥ ነበር። ከንፈሬም ቦታውን አልረሳውም። ግን ብነፋ ባዶው ይሞላል፤ ባዶው ከሞላ ያ ሥራ የእኔ አይደለም፣ ሰባት ሰው የሚያውቀው የቤት ክዳን ዘፈን ነው። ይህን ሁሉ ለማሰብ የአንድ ትንፋሽ ጊዜ ይበቃል። በየዙሩ ጫን አደረገኝ፤ በየዙሩ ዝም አልኩ። አንድ ብልህ መብራት ሠራተኛ መብራቱን ወደ እኛ አዞረው። ሕዝቡ የተጠና ትርኢት መሰለው፤ ሽማግሌው ጣቱን ትከሻዬ ላይ፣ እኔ ቀርከሃ ከንፈሬ ላይ፣ ዝምታ። ሲያልቅ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። የሚያለቅስም ነበር። እኔ ቀርከሃውን እንደ ያዝኩ እጅ ነሳሁ። ጋሽ ጋርሾ ብቻ አልተነሳም። ጣቱን እያየ ነበር፤ ጣቴ ምን ሆነ እንደሚል ሰው።

አላወቅኩም ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔ ራሴን ለማሳመን ብዙ ደክሜያለሁ። ከክቡ ውስጥ ያለ ሰው ዜማውን አይሰማም፣ የሚሰማው ከእሱ በፊት ያለውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከውጭ ስሰማው አዲስ ሆነብኝ፣ እላለሁ። እውነት ነው። ግን ሕጉን አውቃለሁ። በሕይወት እንዳለሁም አውቃለሁ። አራት፣ ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ ሁለት። ይህን ለማወቅ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አያስፈልግም። አለማወቄን የጠበቅኩት እንደ ዓይኔ ብሌን ነው።

በማግስቱ ምሳ ስንበላ ጋሽ ጋርሾ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ቴፕህን ይዘህ የመጣህ ቀን ቦታህ ላይ ስትቆም፣ ተመለሰ ብለን ደስ ብሎን ነበር። አንተ ግን ያን የቴፕህን ዱላ ዘረጋህ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ለሰው የራሱን ቦታ ማን ይነግረዋል?» አለና ሳቀ፤ ንዴት የለበትም። «ሥራ አለህ፤ ትናንት አየን፣ ብዙ ሰው ይነሳልሃል። መምጣት ካልቻልክ ይቅር። ግን አንድ ቀን ና፣ አንዴ ንፋና ለታደለች ስጣት።»

«ለሴት?»

«ወንዱማ ሞተር ላይ ነው!» አለ ባለ ስድስተኛው። «ታደለች ከአባትህ ይልቅ ታውቀዋለች። አንተን ማን አስነፋህና? በጣት ነው የነፋኸው!» ሦስቱም ሳቁ።

«እኔ ሳልሞት ይሁን» አለ ጋሽ ጋርሾ። «ረጅሙ ካልጀመረ አጭሩ አይቀበልም።»

«አስብበታለሁ» አልኩ።

አስብበታለሁ ከቢሮ የተማርኩት ቃል ነው። እምቢ ለማለት ወኔ የሌለው ሰው ይጠቀምበታል። በዚያ ሰሞን ሥራዬ በሲዲ ሊታተም ነበር፤ ከሲዲው በኋላ ይደርሳል አልኩ። ከሲዲው በኋላ ጉዞ መጣ። ከጉዞው በኋላ ክረምት ገባ፣ የገዘር መንገድ ጭቃ ነው አልኩ። ጭቃው ደረቀ። ሌላ ክረምት ገባ። ሽማግሌው ቀርከሃውን እኔ ጋ ትቶት ሄዶ ነበር፤ ከፒያኖው ላይ አኖርኩት። እንግዶች ያነሱትና «እንዴት ያምራል!» ይላሉ። ጭስ ስለማያገኘው ነቀዝ ጀመረው።

በመጨረሻ ታደለች ደወለች። ቃል አታበዛም፤ ስልኩ ብር ይቆጥርባታል። «ጋሽ ጋርሾ አረፈ» አለች። «ትመጣለህ?»

ሄድኩ። ባለ ሁለተኛው ቀድሞት ሞቷል፤ ልጁ ሳውላ ከተማ ነው የሚኖረው። ባለ ስድስተኛው ዓይኑ ጠፍቶ ጂንካ ልጁ ቤት ነው ያለው፤ ሊያመጡት አልቻሉም። የጋሽ ጋርሾ ልጅ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ መጣ፣ አለቀሰ፣ የአባቱን ቀርከሃ ተቀበለ፣ በሦስተኛው ቀን ጋቢናው ውስጥ ሰክቶት ሄደ። ጋሽ ጋርሾ ያለ ቀርከሃ ተቀበረ። ስንት ሰው ነፍቶ የቀበረ ሰው።

ሰዉ ሲበተን ታደለችን ጠራኋትና ክቡ ወደሚቆምበት ግቢ ሄደን ቆምን፤ እኔ አምስተኛው ቦታ ላይ፣ እሷ ከፊቴ። ከኋላዬ ማንም የለም። ነፋሁ። የወጣው ድምፅ ሳይሆን ሳል የሚመስል ነገር ነው። ነቀዙ ስንጥቅ አውጥቶበታል። ሁለት እጄን ዘርግቼ ሰጠኋት።

ተቀበለችኝ፣ አፉን በቀሚሷ ጠረገች፣ ስንጥቁን በአውራ ጣቷ ደፈነች። «አስነቀዝከው» አለች፤ ሌላ ወቀሳ ከእሷ አልሰማሁም። ከዚያ በእግሯ መሬቱን አራት ጊዜ መታች፣ ነፋች፣ ሁለት ጊዜ መታች። እንደገና አራት፣ ነፋች፣ ሁለት። ያ ድምፅ ያን ያህል ከፍ ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር። እኔ ዘመኔን በሙሉ ስድስት ድምፅና አንድ ዝምታ ስሸጥ ኖርኩ፤ እሷ እጅ ላይ የደረሰው አንድ ድምፅና ስድስት ዝምታ ነው።

እጄ ወደ ስልኬ ሄደ። ለመቅዳት። አየችኝ።

«ቅዳ እንጂ» አለች። «ለዚያ አይደል የምትመጣው?»

እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ባዶውን።

አዲስ አበባ እንደ ተመለስኩ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ያለው ማብራሪያ እንዲታረም ሥራዬን ለሚያቀርቡት ሰዎች ጻፍኩ። «ክፍት ቦታው የማይታየው እንግዳ አይደለም፤ ከመንደሩ የሸሸ አንድ ሰው ነው፣ ሰውየውም እኔ ነኝ» አልኩ። በትሕትና መለሱልኝ፤ የድሮው ይሻላል አሉ።

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። የጋሽ ጋርሾ ልጅ መንገድ ላይ ነው። ባለ ስድስተኛው ጂንካ ነው። የሌሎቹ ልጆች በየቦታቸው በሕይወት አሉ። መንደሩ ውስጥ የቀረችው ታደለች ናት።